እትዬ መዲናና የሦስት ቀኑ ፓስ

ባሌ ኑረዲን «እማ ሞተች» ብሎ ሲደውልልኝ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በር ላይ ከአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነበር። የጭነት ወረቀቱ ያን ቀን ካልተፈረመ ሥራው ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ሹፌሩ ደግሞ መጀመሪያ ምሳዬን ልብላ ይላል። በአንድ እጄ ስልኩን፣ በሌላው የሹፌሩን እጅጌ ይዤ «መጣሁ» አልኩት ኑረዲንን። ወዲያው አልሄድኩም። እሱን በኋላ እናገራለሁ፤ አሁን ብጀምረው ደሜ ይፈላል።

እኔ ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። የአማቴ ስም ሲነሳ ሰው ሁሉ «አላህ ይዘንላቸው፣ እንዴት ያሉ ሴት ነበሩ!» ይላል። እኔ እናደዳለሁ። በእሳቸው እናደዳለሁ፣ በባሌ እናደዳለሁ፣ እስከ ዛሬ ከስልኬ ላይ ባልሰረዝኩት በዚያ የጉብኝት ፓስ እናደዳለሁ። ከሁሉም በላይ በማን እንደምናደድ ደግሞ ቤቴ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

እትዬ መዲና ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። አያታቸው ከየመን በባህር ተሻግረው መጥተው የከፈቷት ጠባብ ሱቅ ናት፤ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ እሳቸው ተላልፋለች። አጭር ናቸው፣ ፈጣን ናቸው፣ መቀሳቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ታዲያ «እገሌ ሞተ» የሚል ወሬ ከሰሙ ጨርቁን ግማሽ ድረስ ቆርጠው ይተዉታል። እውነቴን ነው፤ ግማሽ ድረስ። ገዢዋ አፏን ከፍታ ትቀራለች።

«እትዬ፣ ቆርጠው ይጨርሱልኝና ይሂዱ እንጂ፤ እኔም ጉዳይ አለብኝ» ትላቸዋለች።

«ጉዳይ የሌለው ሟቹ ብቻ ነው ልጄ» ይላሉ፤ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ውልቅ ነው። ሱቁን የሚጠብቀው ማነው? የኔ ባል። ከኮምቦልቻ ተጠርቶ፣ የሐረጎን አቀበት በሚኒባስ ወጥቶ፣ ግማሽ የተቆረጠውን ጨርቅ የሚጨርሰው እሱ ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። ቅሬ ሲጠራ አለመሄድ ነውር ነው፤ እሱን እኔም አውቃለሁ፣ እሄዳለሁም። እትዬ መዲና ግን ለሰፈራቸው ቅሬ ብቻ መች ሄዱ! ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ ሞተ ሲባል እሳቸው እዚያ ናቸው። መንገደኛ ሞተ ሲባል እዚያ ናቸው። «ቅሬ የሌለው ሰው ቅሬው እኔ ነኝ» ይላሉ። ልጅዎ የሥራ ቀኑን እየከሰረ ነው ብላቸው «አብሽሪ፣ አላህ ይክሰዋል» ብለው ያልፉኛል።

አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ የተከራየችው ክፍል ውስጥ ሞታ ተገኘች። ከደላንታ የመጣች ናት፤ ዘመዶቿ ሰምተው እስኪደርሱ ቀኑ ይሄዳል። ዘይነባ የምትባል አብራት የምትኖር ልጅ ብቻ ናት ያለቻት። የዚያ ሰፈር ቅሬ ሽማግሌዎች መዝገብ ገልጠው «ስሟ የለም፤ አባል ስላልሆነች ድንኳን አናወጣም» አሉ። ይህን ለእትዬ መዲና በስልክ ያወራሁት እኔው ነኝ፤ ምላሴን በቆረጠው። ሰዓት ሳይሞላ መቀሱ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ከሚኒባስ ወረዱ።

«ስሟ መዝገብ ላይ የለም ማለት አልሞተችም ማለት ነው?» ብለው ሽማግሌዎቹ ላይ ጮኹ። መንገድ ላይ ቆሜ እየሰማሁ ነው።

«እትዬ፣ ሥርዓት ነው እኮ» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ሥርዓቱን ያወጣው ማነው? እናንተ። በሉ እናንተው ተዉት! አለዚያ የሱቄን ጣቃ ጨርቅ አምጥቼ እዚህ መሀል መንገድ ላይ ድንኳን እጥላለሁ፤ ማን እንደሚያፍር እናያለን።»

ድንኳኑ ወጣ። ልጅቷን ራሳቸው አጠቧት፤ ዘይነባን ውሃ ታፈስስላቸው ዘንድ አጠገባቸው አቁመው፣ በየትኛው ወገን እንደሚጀመር እያሳዩ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ እዚያች ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። የኔ ቤት ከዚያ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው። ምሳ ሠርቼ ብጠራቸው «እዚህ ላኪልን» አሉኝ። ላክሁ። እኔ ግን አልገባሁም፤ ሥራ ነበረብኝ።

ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከጀማል ነው። ጀማል የባሌ ታናሽ ወንድም፣ የእትዬ መዲና የመጨረሻ ልጅ ነው። ሳውዲ እሠራለሁ ብሎ በባህር ወጣ፤ ከጀልባው እንደወረደ የየመን አሸዋ ላይ ታሞ ሞተ። አብሮት የተጓዘ ልጅ ከሳምንታት በኋላ ደውሎ ነው የነገረን። አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ጥሎ መጣ፣ ጀማልን ተሸክሞ ወሰደ፣ አጠበው፣ ሰግዶበት ቀበረው አለ። የሰውየውን ስም አልጠየቀም። እትዬ መዲና ከዚያ ቀን ጀምሮ ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት በኋላ ዱዓ ሲያደርጉ መጀመሪያ ለጀማል፣ ቀጥሎ «ስሙን ለማላውቀው ልጄ» ይላሉ። ለኑረዲንና ለኔ ተራው የሚደርሰን ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ዛንዚባር የመሄዱ ሐሳብ የኔ ነበር። ይረፉ ብዬ ነው፣ ወላሂ ለክፋት አይደለም። ሁልጊዜ ከሰው ሞት ኋላ ሲሯሯጡ የሚኖሩ ሴት አንድ ሳምንት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ባህር ዳርቻ ላይ ይቀመጡ ብዬ ነው። እንቢ ይላሉ ብለን ፈርተን ነበር። ደሴት ነው ስንላቸው «ባህሩ ከጀማል ባህር ይገናኛል?» ብለው ጠየቁ። ኑረዲን «ይገናኛል እማ» አላቸው። ሻንጣቸውን ያን ዕለት አዘጋጁ።

ፓሱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ለቤተሰብ፣ ሦስት ቀን፣ አሥራ ሁለት ቦታ። በየበሩ ስልክ ታሳያለህ፣ ማሽኗ ጢጥ ትላለች፣ ትገባለህ። ቀኑ ከመጀመሪያዋ ጢጥ ጀምሮ ይቆጠራል፣ በሦስተኛው ቀን በሮቹ ሲዘጉ ያበቃል፤ ስንት ሰዓት እንደቀረህ ስልክህ ላይ እየቀነሰ ይታይሃል። እኔ የደረቅ ወደብ ሰው ነኝ። ቀን የሚቆጠርበት ነገር እጄ ላይ ከገባ እንቅልፍ የለኝም። ፓሱን እንደ ኮንቴይነር ያዝኩት፤ ቤተሰቡን እንደ ሹፌር።

እትዬ መዲና ግን በየበሩ ያለውን ዘበኛ ሰላም ሳይሉ አይገቡም። ሰላምታውን ሲመልስላቸው ከአያታቸው በቀረቻቸው አረብኛ እናቱን ይጠይቁታል፣ ልጆቹን ይጠይቁታል፣ ዱዓ ያደርጉለታል። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ይጉረመረማል፣ እኔ እሳት እጎርሳለሁ። ስልኬን ማሽኑ ላይ ዘርግቼ «እትዬ፣ ይለፉ!» ስላቸው «ያስገባኝ ይሄ ልጅ ነው ወይስ ያቺ ስልክሽ?» ይሉኛል። ቅመም የሚበቅልበት እርሻ ወሰድናቸው፤ አስጎብኚው ቅርንፉዱን ዛፍ ላይ እያሳየ ሲናገር እሳቸው ሥሩ ተቀምጠው ለቅሶ እንደደረሰ ዘመድ ከአትክልተኛው ሚስት ጋር ተቃቅፈዋል። ሴትየዋ ልጇን ቀብራ ኖሯል። እንዴት እንዳወቁ አትጠይቁኝ። ሁለተኛው ቀን ሲያልቅ ከአሥራ ሁለቱ ቦታ ያየነው ስምንቱን ነው። 

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጀልባ ነበረን። ትልልቅ ኤሊዎች ወደሚኖሩባት ትንሽ ደሴት የምትሄድ፤ ከዚያ ስንመለስ ሦስት ቦታ ይቀረናል፤ ፓሱ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ይሞታል። ሁሉንም በደቂቃ ደልድዬዋለሁ። ወደ ባህሩ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ ልጆቹን እየጎተትኩ ስሄድ እትዬ መዲና ከኋላዬ ቀጥ ብለው ቆሙ። አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ወንዶች በሁለት ረድፍ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አያወራም። ከውስጥ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። ለቅሶ ቤት የትም አገር ለቅሶ ቤት ነው።

«ሰው ሞቷል» አሉ።

«አላህ ይዘንለት። እንሂድ፣ ጀልባው ሊነሳ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው» አልኩ።

«በለቅሶ ቤት ደጃፍ እንደ ከብት ዝም ተብሎ ይታለፋል እንዴ?»

«እትዬ፣ እኛ እኮ አናውቃቸውም!»

«እነሱም አያውቁንም፤ እኩል ነን» አሉና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

ኑረዲን ልጆቹን ይዞ ውጭ ቀረ፤ እኔ ተከትያቸው ገባሁ። ግቢው በሴት ተሞልቷል። መሀል ላይ በእሳቸው ዕድሜ ያለች፣ ድምጿ የተዘጋ ሴት ተቀምጣለች። እትዬ መዲና ሳያመነቱ ወደ እሷ ሄዱ፣ ተንበረከኩ፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ከዚያ እንደ አገራቸው አለቀሱ። «ወየው ልጄን! ወየው ጉብሌን!» እያሉ፣ በወሎ ዜማ፣ በአማርኛ። ሴቶቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላቸው። ድምጿ የተዘጋው እናት እጇን ወደ ባህሩ ዘርግታ በራሷ ቋንቋ የባህሩን ስም ጠራች። አስተርጓሚ አላስፈለገም። እኔም ገባኝ፤ ልጇን የወሰደው ባህር ነው።

ገባኝ እላችኋለሁ። ሳይገባኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሻለኝ ነበር። ስልኬን አየሁ፤ ሰዓቱ ይቀንሳል። ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ይነሱ፤ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል።»

«ሂዱ። እኔ እዚህ ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት። እዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቆሜ «እዚህ ተቀምጠው ቢያለቅሱ ጀማል አይነሳም!» ብዬ ጮህኩባቸው። አማርኛዬን ማንም አልሰማም፤ ድምፄን ግን ሁሉም ሰሙት።  ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ አፋፉን ያን ቀን አየሁት።

እትዬ መዲና ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ የላቸውም።

«ጀማል ይነሳል ብዬ አይደለም ሀያት» አሉኝ። «ያ ዓሣ አጥማጅም ያን ቀን ጉዳይ ነበረው።»

ወጣሁ። ኑረዲን «እማስ?» አለ።

«ለቅሶ ላይ ናቸው። ና፣ ጀልባው ሊሄድ ነው።»

«ብቻዋን ሰው አገር ትተናት?»

«ከሃምሳ ሴት ጋር ተቀምጦ ብቻ ይባላል? ና አልኩህ!» ባሌ ከኔ ድምፅ በላይ ድምፅ ኖሮት አያውቅም። መጣ። በእሱም የምናደደው ለዚህ ነው፤ ያን ቀን እንኳ አንድ ጥፊ ቢያቀምሰኝ ምን ነበረበት!

ኤሊዎቹን አየን። ተራራ ያህላሉ፤ ልጆቹ ቅጠል አበሏቸው፣ እኔ ፎቶ አነሳሁ። ኤሊ! ኤሊ ለማየት የባሌን እናት የማላውቀው ሰው ቤት ጥዬ ሄድኩ። ከዚያም አልበቃኝ፣ የቀሩትን ሦስቱንም ቦታ እየሮጥን ጨረስናቸው። የመጨረሻው በር ላይ ማሽኗ ጢጥ ስትል ለአሥር ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ይቀረው ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጨረስኩ፣ አንድም አላቃጠልኩም ብዬ ለኑረዲን ስልኩን አሳየሁት። እሱ አላየልኝም።

ወደዚያ ቤት ስንመለስ እትዬ መዲና ጓሮ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ትከሻቸው ላይ ቢጫ ጨርቅ ጣል ተደርጎላቸዋል። የሟቹ እናት ጭናቸውን ተንተርሳ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ድምፅ እንዳናሰማ በዓይናቸው ጠቀሱን። ጨርቁን ከገዛ ትከሻዋ አውልቃ የሰጠቻቸው እሷ ናት። ስንወጣ ሴቶቹ ሁሉ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኟቸው። እኔን ያየኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። አንድ ቀን እንኳ ያን ነገር አላነሱብኝም። ለሰው አልነገሩም፣ አላኮረፉም፣ ዱዓቸው ላይ ስሜን አልዘለሉም። የሚያቃጥለኝም ይሄ ነው! ቢሰድቡኝ ኖሮ መልሼ እሰድባቸው ነበር፣ ሰው ይገባ ነበር፣ እንታረቅ ነበር። ዝም አሉ። «አፉ ይበሉኝ» ብሎ ይቅርታ መጠየቅ የኔ ፈንታ ሆነ። ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጣ! ሱቃቸው ድረስ ሄጄ፣ መቀሱን አስቀምጠው «ምነው ሀያቴ?» ብለው ፊት ለፊቴ ቆመው ሳለ፣ ስልኬ ይጮሃል። ኮንቴይነር ገብቷል ይላሉ። «በሚቀጥለው እመጣለሁ» ብዬ እወጣለሁ። «አላህ ያድርስሽ» ይሉኛል።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልመለስ። ኑረዲን የደወለው ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ነው ያረፉት፤ ልብ ነው አሉ። «ቶሎ ነይ፣ እጥበቱ ላይ አንቺ መኖር አለብሽ» አለኝ። ምራት ነኛ። እውነት ነው፣ አማቴን ማጠብ የኔ ነው። ያን ቀን ደግሞ ሌላም ነገር ነበረኝ፤ ሳጥባቸው ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ አፉ ይበሉኝ ልል አስቤያለሁ። ሰው አይሰማኝም፣ እሳቸውም አይመልሱልኝም፤ ግን እላለሁ። ይህን እያሰብኩ ወረቀቱን አስፈረምኩ። አዎ፣ አስፈረምኩ። ጀናዛው ከሰዓት በኋላ ካለው የአስር ሰላት በፊት አይወጣም፣ ሰዓት አለኝ አልኩ። አሁንም እንደ ልማዴ በደቂቃ ደለደልኩት።

ጀናዛው ግን ከቀትሩ የዙህር ሰላት ጋር ወጣ። የኔ ሚኒባስ ሐረጎ አቀበት ላይ ከአንድ ከባድ መኪና ኋላ ተሰልፎ ሲያቃስት እኔ መስኮቱን በጡጫ እመታ ነበር። ሰፈራቸው አፋፍ ስደርስ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ወረድኩ። የደሴ ነጋዴ፣ ተሸካሚው፣ ሊስትሮው፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ ከቃሬዛው ኋላ ይጎርፋል። ቃሬዛው ላይ ቢጫ ጨርቅ ተጥሏል። አወቅሁት። ኑረዲን ከፊት ተሸክሟል፤ አጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም፣ ወይም አይቶኝ ትቶኛል። እኛ ጋ ሴት መቃብር አትወርድም፤ እዚያው ጥግ ላይ ቆሜ ቢጫው እስኪጠፋ አየሁ።

ቤታቸው ስደርስ የታጠቡበት ቦታ ገና አልደረቀም። በሩ ሥር ምንጣፍ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ሁለት እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሷል።

«ማን አጠባቸው?» አልኳት።

«እኔና ሁለት የሰፈር ሴቶች። ዘይነባ እባላለሁ፤ ከኮምቦልቻ ነኝ። ጓደኛዬን ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው። እንደተደወለልኝ መጣሁ። የሚመጣ ሰው አለ ብለው ትንሽ አቆይተዋቸው ነበር፤ ሲቀር ጊዜ ጀመርን።»

«ቢጫውን ጨርቅስ?»

«እሳቸው ናቸው ያሉት። ባለፈው ረመዳን ልጠይቃቸው ስመጣ ‹ይቺን ቃሬዛዬ ላይ ጣይልኝ› ብለው አሳይተውኛል።»

 «ዛሬ ፈረቃ የለሽም?» አልኳት።

«ነበረኝ» አለች።

ዓይኗ ደም መስሏል። ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ተቀመጪ እህቴ፣ አብሽሪ። ምናቸው ነሽ?»

ምራታቸው ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ለቅሶ ልደርስ ነው» አልኳት።